«ጌም ነው» ከማለታችን በፊት



እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ፕሮጀክት ሠርቶ ማቅረብ አለበት። አብዛኞቻችን የምንሠራው ምንድን ነው? ጂ ፕላስ አንድ ወይም ጂ ፕላስ ሁለት መኖሪያ ቤት። ፕላን፣ ኤሌቬሽን፣ ሴክሽን፣ ሳይት ፕላን፤ ከዚያ ፕሪንት፣ ጥራዝ፣ ዲፌንስ፣ ውጤት። ጥራዙ ደግሞ ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይወጣና አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ማንም አይሠራበትም፤ ማንም ገብቶ አይኖርበትም።

ባለፈው ሴሚስተር እኔ ያለሁበት የአራት ተማሪዎች ቡድን ወጣ ያለ ርዕስ ይዞ ቀረበ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ በአውቶካድ ሥለን በነፃ በሚገኝ የበረራ ሲሙሌተር ውስጥ እናስገባው፤ በሲሙሌተሩ ወደ ባሕር ዳር የሚበር ሰው ከአየር ላይ ይየው አልን። መልሱ በሁለት ቃል አለቀ፦ «ጌም ነው»። እኛም እንደ ሰዉ ቤት ሠርተን አስረከብን። ድልድዩን ግን አልተውነውም፤ ከክፍል ሰዓት ውጪ፣ ቅዳሜና እሑድ እየተገናኘን ጨረስነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ቅሬታ ለማሰማት አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት የፕሮጀክት ርዕሶች ዝርዝር በዚህ ሴሚስተር ይከለሳል ተብሏል። ከመከለሱ በፊት ደግሞ ከእኛ የኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ያንኑ ሁለት ቃል እንዳይሰሙ የማምንበትን መናገር ስላለብኝ ነው። አቋሜ አጭር ነው፦ ለበረራ ሲሙሌተር የሚሠራ ሞዴል ለድራፍቲንግ ተማሪ ጨዋታ ሳይሆን ከባድ ፈተና ነው። ምን መሣል እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን መተው እንዳለበትም ያስተምረዋል። ስለዚህ ከመመረቂያ ርዕሶቻችን አንዱ ሆኖ ይግባ።

ሲሙሌተር ከየት መጣ?

በቅድሚያ «ጌም» የሚለውን ቃል እንመልከተው። የበረራ ማስመሰያ የተወለደው ከጨዋታ አይደለም። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን የፓይለት መለማመጃ ሲሠራ የተጠቀመው የአባቱ ኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ በተማረው የወናፍና የአየር ግፊት ዕውቀት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ ፓይለቶች በእሱ መሣሪያ ሠልጥነዋል። ወደ ግል ኮምፒዩተር የመጣው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ብሩስ አርትዊክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል ቱ ኮምፒዩተር የሠራው የበረራ ፕሮግራም በ1982 በማይክሮሶፍት ስም ለአይቢኤም ኮምፒዩተር ወጣ። አውቶካድስ መቼ ወጣ? እሱም በዚያው በ1982። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው! አንዱን በክብር ላብ ውስጥ አስቀምጠን ሌላውን «የልጆች ነገር» ብለን ማባረራችን ትንሽ ያስገርማል።

ወደ አገራችንም እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ውስጥ ፓይለቶች የሚፈተኑባቸው ሙሉ የበረራ ሲሙሌተሮች አሉ። አንድ ፓይለት ሞተር ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ የሚለማመደው መንገደኛ ጭኖ አየር ላይ ሆኖ አይደለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ የእነሱ መሣሪያና በቤት ኮምፒዩተር የምንከፍተው ፕሮግራም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኛ የሠራነው ለሥልጠና ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይሆናል ያለም የለም። ግን በሁለቱም ውስጥ ከመስኮቱ ውጪ የሚታይ ዓለም አለ፤ ያንን ዓለም ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ መሣል ነበረበት። ያ ሰው የእኛን ሙያ ነው የሚሠራው።

ሲሙሌተር ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የበረራው ስሌት ነው፤ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚዞር። ሁለተኛው የሚታየው ነገር ነው፤ መሬቱ፣ ሕንፃው፣ ማኮብኮቢያው፣ የአውሮፕላኑ አካል። የእኛ ድርሻ ሁለተኛው ነው። አንዳንዴ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ኤክስ ፕሌን የሚባለው ሲሙሌተር ክንፉን በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያሰላል፤ ስለዚህ ሠሪው የሚያስገባው የክንፍ ርዝመትና ቅርጽ ራሱ በረራውን ይወስነዋል። ልኬቱ ከተሳሳተ አውሮፕላኑም ተሳስቶ ይበራል። ታዲያ ከዚህ የበለጠ የሥዕል ፈተና የት ይገኛል?

መስመር ግድግዳ አይደለም

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ብዙ ሰው «በአውቶካድ የተሠለ ነገር ካለ ሲሙሌተር ውስጥ መክተት ምን ችግር አለው? ኤክስፖርት ማድረግ ነው እንጂ» ይላል። ቢሆንማ ጥሩ ነበር።

በአውቶካድ የምንሥለው ፕላን የመስመሮች ስብስብ ነው። አራት መስመር ስናይ እኛ «ክፍል» እንላለን፤ ሲሙሌተሩ ግን ምንም አያይም። እሱ የሚያውቀው ትሪያንግል ብቻ ነው። ክብ አያውቅም፣ አርክ አያውቅም፣ ስፕላይን አያውቅም። ትሪያንግሉም ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ወደ ውስጥ ከዞረ ግድግዳው ከውስጥ ሲታይ አለ፣ ከውጪ ሲታይ የለም። ወረቀት ላይ እንከን የሌለው ሕንፃ እዚያ ሲደርስ ግማሽ ጎኑ የተበላ ይመስላል። የድራፍቲንግ ተማሪ «ይህ ገጽ ወዴት ነው የሚያየው?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የዩኒት ነገር ነው። እኛ በሚሊ ሜትር እንሥላለን፤ ሲሙሌተሩ በሜትር ያነባል። የአባይ ድልድይ ርዝመት 380 ሜትር ነው። በሚሊ ሜትር ሲሣል 380,000 ዩኒት ይሆናል። ፋይሉ ሳይቀየር ቢገባ ሲሙሌተሩ 380,000 ሜትር ብሎ ያነበዋል፤ ይኸውም 380 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ ድልድይ አዲስ አበባን አልፎ ይሄዳል! ያስቃል አይደል? ወረቀት ላይ ግን ይህ ስሕተት አይታይም። ፕሎተሩ ስኬሉን አስተካክሎ ያወጣዋል፤ ሥዕሉም ያምራል፤ ዩኒት ምን እንደሆነ ሳይገባው ተማሪው ይመረቃል።

ሦስተኛው ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ነው እኔ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት። የሳይት ፕላን ስንሠራ ከሰርቬየሮች የምንቀበለው ኮኦርዲኔት በዩቲኤም ነው። ባሕር ዳር በዞን 37 ውስጥ ስትሆን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የምትርቀው ከ1,200,000 ሜትር በላይ ነው። አውቶካድ ቁጥሮቹን በ64 ቢት ስለሚይዝ ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር አያስጨንቀውም። ለሲሙሌተር የሚሆን ሞዴል የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ በ32 ቢት ነው የሚሠሩት። በ32 ቢት ደግሞ ከ1,048,576 በላይ በሆነ ቁጥር ላይ የሚቀመጠው ትንሹ እርምጃ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ያነሰ ነገር ሁሉ ወደ ቅርቡ እርምጃ ይዘላል። የ5 ሴንቲ ሜትር የእጅ መደገፊያ ብረት ወይ ይጠፋል ወይ ይጣመማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞዴሉን ዜሮ ዜሮ ላይ አምጥቶ መሥራት፣ ትክክለኛ ቦታውን ደግሞ ለብቻው መስጠት። ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር እያንዳንዱን ዕቃ በኬንትሮስ፣ በኬክሮስ፣ በከፍታና በአቅጣጫ ነው የሚያስቀምጠው።

እዚህም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በአገራችን ለብዙ ዘመን ያገለገለው የካርታ መሠረት አዲንዳን ነው፤ ሲሙሌተሮቹና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ነጥብ ከ200 ሜትር በላይ ይዘዋወራል። 200 ሜትር ማለት እኮ ድልድዩን ከነምሰሶው አንስቶ ከመንገዱ ውጪ ማስቀመጥ ነው! ፕላኑ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ይህን የሚነግረን አልነበረም። ሲሙሌተሩ ግን ይናገራል፤ የሳተላይቱ ምስል መንገዱን እዚህ ያሳያል፣ የአንተ ድልድይ እዚያ ቆሟል። ክርክር የለውም።

ምን እንተው?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። በዲፓርትመንታችን ጥሩ ሥዕል ሲባል ብዙ መስመር ያለው ሥዕል ይመስለናል። ብሎኑ፣ ማጠፊያው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ለፋብሪካ ሥዕል ትክክል ነው፤ ብሎኑ ካልተሣለ ሠራተኛው አያስገባውም። ለሲሙሌተር ግን ይህ ልማድ አይሆንም።

በሂሳብ ላሳያችሁ። በድልድዩ ግራና ቀኝ በየ2 ሜትሩ አንድ ክብ ዘንግ ቢቆም በአንድ ጎን 191፣ በሁለቱ 382 ዘንግ ይሆናል። አንዱን ዘንግ ክብ እንዲመስል 64 ጎን ብንሰጠው ዙሪያው 128፣ የላይና የታች ክዳኑ 124፣ ድምሩ 252 ትሪያንግል ነው። ለ382ቱ 96,264 ትሪያንግል ማለት ነው። ጎኑን ወደ 16 ብናወርደው አንዱ ዘንግ 60፣ ሁሉም 22,920 ይሆናል። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ማቆምና ዘንጎቹን በፎቶ መለጠፍ፤ ክፍት ቦታው ብርሃን እንዲያሳልፍ አድርጎ። ስንት ትሪያንግል ይፈጃል? አራት። አዎ፣ ለሁለቱም ጎን አራት ብቻ!

አውቶካድ ውስጥ ሶሊድ ሠርተን በኤስቲኤል ስናወጣም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል። ፋሴትሬስ የምትባለዋ ትእዛዝ ከ0.01 እስከ 10 ድረስ ትቀበላለች፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክቡ ይለሰልሳል፣ ትሪያንግሉም ይበዛል። ብዙዎቻችን ይህችን ቁጥር ነክተናት አናውቅም። ለምን እንንካት? ወረቀት አይከብደውም። ኮምፒዩተር ግን በሰከንድ 30 ጊዜ ዓለሙን ሁሉ እንደገና ሲሥል ይከብደዋል።

ለመሆኑ የሚያየው ሰው ምን ያያል? ለማረፍ የሚቃረብ ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን በ120 ኖት ቢበር በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የድልድዩን ሙሉ ርዝመት በ6 ሰከንድ ያልፈዋል። በዚህ ስድስት ሰከንድ ውስጥ ፓይለቱ ብሎን አይቆጥርም። የሚያየው የድልድዩን አቅጣጫ፣ ስፋት፣ የምሰሶዎቹን ከፍታና ወንዙን የሚያቋርጥበትን ቦታ ነው። ስለዚህ 43 ሜትሩ የድልድዩ ስፋት ትክክል መሆን አለበት፤ ኬብሎቹ ግን 16 ጎን ሳይሆን 3 ጎን ቢኖራቸው ማንም አያውቅም። ቡድናችን በዚህ ላይ ስንት ቀን እንደተከራከረ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንዱ ጓደኛችን «ኬብሉን አታበላሹብኝ» ብሎ ሊጣላን ነበር! ግን ያ ክርክር ራሱ ትምህርት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ መስመር ለማን ነው?» ብለን የጠየቅነው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ጥያቄ ለሲሙሌተር ብቻ አይደለም። ለአናጺ የሚሠራ ሥዕል፣ ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ሥዕል፣ ለባለቤቱ የሚታይ ሥዕል አንድ አይደሉም። አንዱን ፕላን ለሁሉም የሚሰጥ ድራፍትማን ለማንም አልሠራም። ትክክለኛነት ማለት ብዛት አይደለም፤ ለሚጠቀመው ሰው የሚያስፈልገውን በልኩ መስጠት ነው።

ልኬት ሲዋሽ

«እሺ፣ ትንሽ ቢሳሳትስ ማን ይሞታል?» የሚል አይጠፋም። ፓይለቶች የሚማሩት አንድ የታወቀ ነገር አለ። ከለመዱት ማኮብኮቢያ የጠበበ ማኮብኮቢያ ሲያዩ ዓይናቸው «ከፍ ብለሃል» ይላቸዋል፤ ስለዚህ ሳያውቁት ዝቅ ብለው ይቀርባሉ። ሽቅብ የሚወጣ ማኮብኮቢያም እንዲሁ ያታልላል። በተለመደው የ3 ዲግሪ አቀራረብ ከመዳረሻው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ከፍታው 52 ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ዝቅ ለማለት ብዙ ትርፍ የለም። እንግዲህ አንድ ሞዴል ሠሪ 45 ሜትር ስፋት ያለውን ማኮብኮቢያ 30 ሜትር አድርጎ ቢሥል፣ በእሱ የሚለማመደው ሰው ዓይን ውሸት ይማራል። ስፋት ጌጥ አይደለም፤ ትምህርት ነው።

ሲሙሌተር እውነቱን ሳይናገር ሲቀር ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የ157 ሰዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ የ737 ማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር ላይ እርማት ማድረጉን አስታወቀ፤ ሶፍትዌሩ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን እንደሚገባ ማስመሰል አይችልም ነበር። ግልጽ ላድርግ፦ የአደጋው መንሥኤ ሲሙሌተሩ ነው እያልኩ አይደለም፤ የጎደለውም የበረራ ስሌት እንጂ ሥዕል አልነበረም። የምለው ይህን ነው፦ ማስመሰያን የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ስሌቱንም ይሥራ ሥዕሉን፣ የሌላ ሰው እጅና ዓይን የሚታመንበትን ነገር ነው የሚሠራው። ይህን ኃላፊነት «ጌም» ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

መምህሮቻችን የሚያነሷቸውን ሐሳቦች አከብራለሁ፤ ከነሱም ውስጥ እውነት ያላቸው አሉ።

አንደኛው «ተመራቂዎቻችን የሚቀጠሩት ኮንስትራክሽንና ወርክሾፕ ውስጥ ነው እንጂ ሲሙሌተር ቤት አይደለም» የሚል ነው። ትክክል ነው። ግን ዩኒት፣ ኮኦርዲኔት፣ የካርታ መሠረት፣ የሞዴል ክብደት የሲሙሌተር ብቻ ዕውቀት አይደለም። የመንገድና የውሃ ፕሮጀክት ላይ ከሰርቬየር ፋይል የሚቀበል ድራፍትማን በመጀመሪያው ሳምንት የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው። እዚያ ሲሳሳት በገንዘብ ነው፤ እዚህ ሲሳሳት ድልድዩ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሁላችንም ስቀን እናርመዋለን። የትኛው ይሻላል?

ሁለተኛው የኮምፒዩተርና የመብራት ጉዳይ ነው። የላባችንን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሞዴሉን የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ሲሙሌተር መክፈት አይጠበቅበትም፤ ለመፈተሻ አንድ ደህና ኮምፒዩተር ይበቃል። ለሶፍትዌርም ብር አያስፈልግም። አውቶዴስክ ለተማሪ በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ ፈቃድ ይሰጣል፤ ብሌንደር፣ ፍሪካድና ፍላይትጊር ደግሞ ለማንም ነፃ ናቸው። በእጃችን ያለውን ሳንጠቀም «የለንም» ማለት «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው ኩረጃ ነው። «ከኢንተርኔት አውርደው ያመጣሉ» ይባላል። ኧረ የቤቱ ፕላን አይወርድም እንዴ? ካለፈው ዓመት ጥራዝ በፍላሽ የሚገለበጠውን ማን አጣው? በአንጻሩ በከተማችን የቆመን የአንድ የታወቀ ነገር ሞዴል መምህሩ በእግሩ ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላል። የውሃ ማማው ከፍታ ስንት ነው? የስታዲየሙ ጣሪያ በየት በኩል ነው? ጥያቄው መልስ አለው፤ ኮራጁም ይታወቃል።

አራተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ከመምህሮቻችን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ኤርፖርት አጥር ውስጥ ገብቶ ሜትር መዘርጋትና ፎቶ ማንሳት ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ወታደራዊ ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ስለዚህ ተማሪው የሚሠራው በይፋ የወጣ መረጃ ባለው ነገር ላይ ብቻ ይሁን። የማኮብኮቢያ ልኬት ሲያስፈልግ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለፓይለቶች ከሚያሳትመው መረጃ ይወሰድ። እኛም ድልድዩን የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ርዝመቱና ስፋቱ ለሕዝብ በይፋ የተነገረ ነው።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ርዕሱ ግዴታ ሳይሆን አማራጭ ሆኖ ይግባ። ቤት መሣል የሚፈልግ ይሣል፤ የአገሪቱ ቤት ገና አልተሠራም። ወረቀቱም አይቅር፤ ሞዴሉን የሚያቀርብ ቡድን ልኬቱ የተሞላ ሥዕል አብሮ ያስረክብ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሞዴል የትሪያንግል በጀት ይሰጠው። «ይህን ሕንፃ ከ2,000 ትሪያንግል ሳታልፉ ሥሩ» ይባል። ተማሪው ከሥራው ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ያቅርብ፦ ምን ተውኩ፣ ለምን ተውኩ። ለእኔ ቢሆን ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚያች አንድ ገጽ ነው። የተማሪው አእምሮ የሚታየው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ሦስተኛ፣ የቦታውን ትክክለኛነት የሰርቬይንግ ተማሪዎች ይፈትሹልን። በአንድ ግቢ እየኖርን እኛ የምንሥለውን እነሱ አያዩም፣ እነሱ የሚለኩትን እኛ አናውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

አራተኛ፣ ጥሩ የሆነው ሥራ ይውጣ። ፍላይትጊር ከማንኛውም ሰው ሞዴል ይቀበላል፤ ሥራው የራስ መሆኑና በነፃ የጂፒኤል ፈቃድ መለቀቁ ነው ቅድመ ሁኔታው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሠራው የከተማው ሐውልት ወይም ድልድይ በሌላ አገር ያለ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሊታይ ይችላል። ኢትዮጵያን ሄዶባት የማያውቅ ሰው በእኛ ልጅ ሥዕል ላይ ይበራል። ይህ ከመደርደሪያው አይሻልም?

የእኛ ድልድይ ዛሬ በአራት ጓደኛሞች ኮምፒዩተር ላይ ቆሟል። ነጥብ አላገኘንበትም፤ አናገኝበትምም፤ ልንመረቅ ሁለት ወር ቀርቶናል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ግን ሊያገኝበት ይችላል። ዝርዝሩን የምትከልሱ መምህሮቻችን፣ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ከመወሰናችሁ በፊት የፈለጋችሁት ቀን ላብ ብቅ በሉና ሞዴሉን ክፈቱት። ሜትሩን ይዛችሁ ለኩት፤ ኮኦርዲኔቱን አመሳክሩት፤ የተውነውን ጠይቁን። ከዚያ በኋላም «ጌም ነው» ካላችሁ ውሳኔያችሁን አከብራለሁ።

እናንተስ፣ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙም የምትደግፉም ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ። ቸር እንሰንብት!